«ደረቅ» ብዬ የፈረምኩባቸው ሰኞዎች

እኔን ሰው የሚያውቀኝ «ሚዛን» በሚለው ቅጽል ስም ነው። ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም የሚያስታውሱት ባለቤቴና የደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ ብቻ ናቸው። ድሮ «ሚዛን!» ተብዬ ስጠራ ደረቴን ነፍቼ ነበር ዞር የምለው። ዛሬ ገበያ መሃል አንዱ ቢጠራኝ እንዳልሰማ ሆኜ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና አሻጋሪ መርከብ ላይ መኪና ስደረድር ኖሬያለሁ። በዚህ ስም ተመስግኛለሁ፣ በዚሁ ስም ተሸፍኜም አንድን ደህና ሰው የገዛ እጁን እስኪጠራጠር አድርሼዋለሁ። ይኸው ነው ጉዴ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

መርከቧን «አሮጊቷ» ነበር የምንላት። እኔ ስቀጠርም አሮጊት ነበረች። ፊትና ኋላ የላትም። በሁለቱም ጫፍ እኛ «ምላስ» የምንለው፣ በብረት ገመድ ወደ ላይ የሚሳብና ወደ ታች የሚዘረጋ ሰፊ ብረት አላት። መኪናው ከዚህኛው ዳርቻ በአንዱ ምላስ ይገባል፣ ማዶ ሲደርስ በሌላኛው ምላስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እሷም አትዞር፣ ሾፌሩም የኋላ ማርሽ አያስገባ። መሪ ቤቷም ሁለት ነው፤ አንዱ ወደዚህ ያያል፣ ሌላው ወደዚያ። ካፒቴኑ በየጉዞው መጨረሻ የመቀመጫ ትራሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ! ትኬት ቆራጯ ሁልጊዜ «ኧረ ካፒቴን ቤት ሊለቁ ነው፣ ዕቃ አግዟቸው!» ትል ነበር፤ እሳቸውም በየቀኑ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር።

እንዲህ ያለች መርከብ ላይ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ስትመለስ ይገለበጣላ። ስለዚህ ጎኖቿን በላያቸው ባለው ነገር ነበር የምንጠራቸው። አንደኛው የጭስ ማውጫው ጎን፣ ሌላኛው የደረጃው ጎን። የመኪናው ወለል ላይ አራት መስመር አለ፤ ሃያ ስድስት ትንንሽ መኪና ይይዛል፣ ከባድ መኪና ሲገባ ደግሞ እንደ ክብደቱ ይቀነሳል። ተሳፋሪው ደረጃውን ወጥቶ ላይ ቤት፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የነፍስ አድን ጃኬቱ ከአግዳሚው ሥር ነው። ጎማ እንዳይንሸራተት ወለሉ ላይ የተበየዱት ዘንጎች በጎማ ብዛት ተበልተው አልቀው ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በቂጤ ቁጭ ብያለሁ!

ሥራዬ መደርደር ነው። ሾፌር መሪውን ይያዝ እንጂ እዚያ ወለል ላይ ንጉሡ እኔ ነኝ። በጣቴ ና እለዋለሁ፣ በመዳፌ ቁም እለዋለሁ፣ መስታወትህን እጠፍ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ውረድ። ከጎማው ሥር ታኮ አስገባለሁ፣ ሰንሰለት እዘጋለሁ። ከባዱ መሃል፣ ቀላሉ ጫፍና ጫፍ፣ ሁለቱም ጎን እኩል። ይህን ማንም በአንድ ሳምንት ይማረዋል። እኔን ሚዛን ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

ከእግሬ ሥር፣ ሞተሩ ጋ የሚውለው መካኒካችን ነበር። ጋሽ ብሎን እንለዋለን። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ብሎን ሲያጠብቅ ዓይኑን ይጨፍናል፤ «ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» ስለው «ዝም በል፣ በእጄ እያየሁ ነው» ይለኛል። ካፒቴኑ ከላይ ደወል ይደውላሉ፣ እሱ ከታች መልሶ ይደውላል፣ ሞተሩ ይታዘዘዋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድም ቀን መሃል ውሃ ላይ አላስቆመንም። የሚያኮራው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር። ሌላ ምን ነበረው? አንድ ሚስት፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ የመፍቻ ሳጥን።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ። ከመኪናው ወለል በታች፣ በሁለቱም ጎን፣ «ባዶ ቤት» የምንላቸው አራት አራት ዝግ ክፍሎች ነበሩ። አየር ነው የሞላባቸው፤ አሮጊቷን ውሃ ላይ የሚያቆማት ያ አየር ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ጠዋት ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት፣ አንድ ሰው ክዳኑን ፈትቶ ይወርዳል፣ ከክፍል ወደ ክፍል በጠባብ ቀዳዳ እየሾለከ ውሃ መግባት አለመግባቱን ያያል። ከዚያ መዝገቡ ላይ «ደረቅ» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። ሳይወርዱ ከላይ ሆነው ውሃውን የሚለኩበት ቧንቧ ነበራት፣ ግን በቀለም ላይ ቀለም ሲቀባባት ተደፍኖ ቀርቷል። የሚወርደው ሰው እኔ ነበርኩ።

ለሃያ ዓመት ወረድኩ፣ እውነቴን ነው። አንድ ሰኞ ግን ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ትከሻዬ ተሰነቀረ። ወፍሬ ነበር መሰለኝ። ልመለስ ስል ቀበቶዬ ያዘኝ፣ ባትሪዬ ከእጄ አምልጦ ጠፋ። ጨለማው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። አለቀስኩ፣ እናቴን ጠራሁ፣ ከዚያም… ልበለው እንግዲህ፣ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው! ጩኸቴን ሰምቶ ጋሽ ብሎን ወረደ፣ ቀበቶዬን በቢላ ቆርጦ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝ። አንድም አልሳቀ። ሞተር ክፍል አስገብቶኝ ከሳጥኑ ጉልበቱ ላይ የዘይት ነጥብ ያለበትን የራሱን ሱሪ ሰጠኝ። «የሞተር ውሃ ፈሰሰብህ እንላለን» አለ። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ይኸው ያወራሁት እኔው ነኝ።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሰኞ መጣና በቀስታ «ወንድሜ፣ እኔ ልውረድልህ፤ አንተ መዝገቡን ያዝ» አለኝ። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ደሜ ፈላ። «ምን ሆኜ ነው አንተ የምትወርድልኝ? ሕፃን መሰልኩህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ። እኔ ክዳኑን ከፈትኩ፣ አንገቴን አስገባሁ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዘጋሁት። መዝገቡን አውጥቼ «ደረቅ» ብዬ ፈረምኩ። በቀጣዩ ወር ክዳኑንም አልከፈትኩም። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ሰኞ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደረቅ» ስል ኖርኩ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት መርከቧ ባዶ ሳለች የትኬት ቆራጯ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ተንከባልላ ወደቀች። አነሳቻት፤ እንደገና ወደቀች፤ ወደ ጭስ ማውጫው ጎን። ሳቀች። እኔ ግን ወለሉን በዓይኔ ለካሁት። አሮጊቷ በጣት ያህል አዘንብላ ነበር። ገብቶህ ነበር ወይ? ብትሉኝ፣ ገብቶኝ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ እንደገባ ልቤ አውቆታል። ግን ሄጄ ብናገር መጀመሪያ የሚከፍቱት መዝገቡን ነው። «የሦስት ዓመቱን ደረቅ ማን ጻፈው?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? ለምን አልወረድክም ቢሉኝስ? ያ ሱሪ ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ዝም ብቻ ብል ደግ ነበር፤ መላ ፈለግኩለት እንጂ! መጀመሪያ የገባውን የጭነት መኪና ወደ ደረጃው ጎን መራሁት፣ ወደ ጭስ ማውጫው ጎን ትንንሾቹን። ቀጥ አለች። ካፒቴኑ ከላይ አንገታቸውን አውጥተው «ጎሽ! ዛሬ እንደ ጠረጴዛ ነው የሄድነው!» አሉኝ። ባልደረቦቼ መርከቧ ባዶ ስትሆን ለምን እንደምታዘነብል ሲጠይቁ «የጭስ ማውጫው ክብደት ነዋ፣ አሮጊት አይደለች፣ ወገቧ ጎበጠ» አልኳቸው፤ ሳቁ፣ አመኑ። ዓመት ባለፈ ቁጥር ውሃው ትንሽ ትንሽ ሲጨምር እኔም ሚዛኔን እየጨመርኩ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ የቆመውን መኪና ገና ከሩቅ ሳየው ክብደቱን እገምታለሁ። ሲሚንቶ የጫነው ወደዚህ፣ ባዶው ወደዚያ፣ ያቺ ቀይ ትንሿ ጥጓን ትያዝ። ሰው የእኔን አደራደር ለማየት የመደገፊያ ብረቱ ላይ ተደግፎ ይቆም ጀመር። «ይሄ ሰውዬ ዓይኑ ውስጥ ሚዛን አለ!» አለ አንዱ ሾፌር፣ ስሙም እዚያው ወጣ።

እኔም እኮ አመንኩት! ዕውቀት መሰለኝ። ላይ ቤት እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠው፣ እኔ ታች ውሃ የያዘ ክፍል ላይ ቆሜ በጣቴ ና፣ ቁም እያልኩ እጎረር ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቀን ውሃ ቢበላው ኖሮ ምን እሆን ነበር?

ከዚያ ልጄ ወለደች። የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። በእኔ ቦታ ከመጋዘን የመጣ ሰው ተተካ፤ ምስኪኑ በሕጉ መሠረት ሁለቱንም ጎን እኩል ደረደረ። ገና ከዳርቻው ሳይርቁ አሮጊቷ ወደ ጭስ ማውጫው ጎን ጋደል አለች፣ አንዷ ትንሽ መኪና ታኮዋን ዘላ የጎረቤቷን በር ጫረች፣ ላይ ቤት ጩኸት ሆነ። ካፒቴኑ ቀስ አድርገው መለሷት። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ክዳኑን ከፍተው ባትሪ ሲያበሩ የጭስ ማውጫው ጎን ባዶ ቤቶች ከወገብ በላይ ውሃ ነበራቸው። እኔ ስመለስ ያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «አየህ? ሚዛን አንድ ቀን ባይኖር ጉድ ሆንን!» አለኝ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ግን ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ ማለቴን አልረሳውም።

ምርመራ መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችው መሐንዲስ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሁሉን የምትጽፍ ሴት ናት። መዝገቡን ገለጠች፤ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። የመጨረሻው ደረቅ ከአደጋው ሃያ አራት ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ አካባቢ የነካ ሰው ማን አለ? ጋሽ ብሎን። በባዶ ቤቱ ግድግዳ የሚያልፈውን የሞተር ማቀዝቀዣ ቧንቧ መጋጠሚያ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀይሮ ነበር። እንግዲህ መጋጠሚያውን ሳያጠብቅ ትቶታል፣ ውሃው በዚያ ገብቷል፣ አለቀ። አሮጊቷ በሁለት ወር ውስጥ ለብረቷ ተሸጣ ልትሰባበር ስለነበር ማንም ወርዶ ግድግዳውን አልመረመረም። ውሃውን ከላይ በጎማ ቱቦ መጠጡትና ክዳኑን ዘጉት። የጋሽ ብሎን ጉዳይ ለኮሚቴ ተመራ። የሙያ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ በአሮጊቷ ቦታ በምትተካው አዲሷ መርከብ ላይ የተያዘለት ቦታም ይቀራል፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያወራው «መሃል ውሃ ላይ ሊጨርሰን የነበረው መካኒክ» ብሎ ነው።

አያችሁ ምን እንዳደረግኩ? የእኔ «ደረቅ» ነው የፈረደበት። ውሃው ከስምንት ዓመት በላይ እዚያ ነበር። ይህን የማውቅ ከሰማይ በታች እኔ ብቻ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ «አጥብቄዋለሁ እኮ! እጄ ያውቀዋል!» ብሎ ይሟገት ነበር። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ቤቱ ልጠይቀው ሄድኩ፤ ልነግረው ነበር፣ እንዴ፣ ለዚያ ነበር የሄድኩት። ባለቤቱ በር ከፈተችልኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ በጨርቅ ታስሮ ባልዲ ተደቅኖበታል። «እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱ ነዋ» አለችኝ፣ «አጥብቄዋለሁ አላጠበቅኩትም እያለ በቀን አሥር ጊዜ ሲያጠብቀው የቧንቧውን ጥርስ በላው። የበሩን ማጠፊያ፣ የአልጋውን ብሎን፣ የጋዙን ቁልፍ… ኧረ ሊያብድብኝ ነው፣ ወንድሜ።»

እሱ ጓዳ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። «ና እስቲ» አለኝ፣ «አንተ እውነቱን ንገረኝ፤ ሰው እጁ ይረሳል? ያን ቀን ስልክ ጠርቶ ይሆን? ግማሽ አጥብቄ ተነስቼ ይሆን? አጥብቄዋለሁ እልና ደግሞ አላስታውሰውም። መሐንዲሷ ትዋሻለች አልልም፣ መዝገቡ አለ። አንተ ደረቅ ያልከው ነገር እኔ ከነካሁት በኋላ ውሃ ከገባበት…» ተናገር እንጂ አንተ ከንቱ፣ ተናገር! አልኩት ራሴን። ግን «አይዞህ ጋሼ፣ ያልፋል» ብዬው ወጣሁ። ያልፋል! ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

የኮሚቴው ውሳኔ የሚነበበው ሐሙስ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሠራተኛው ልቡ ተሰብሯል ብሎ፣ በዚያው ቀን በዚያው አዳራሽ የአሮጊቷን ስንብት አዘጋጀ። መጀመሪያ ለእኔ ሽልማት፣ ቀጥሎ ለእሱ ውሳኔ። ጠዋት አሮጊቷን በሌላ መርከብ አስረው ሲጎትቷት ዳርቻው ላይ ቆሜ አየኋት። ሁለቱ ምላሶቿ ተስበው ተዘግተዋል። ወደ ማዶ ሳይሆን ወደማታውቀው አቅጣጫ ሄደች። መናገር ብፈልግ ኖሮ ትናንት መናገር ነበረብኝ፤ ባዶ ቤቷን ከፍተው፣ ግድግዳዋ ላይ ያለውን የዓመታት ዝገት አይተው ያምኑኝ ነበር። እስክትሄድ ነው የጠበቅኩት። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቷል። ጋሽ ብሎን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጧል፤ የሠርግ ኮቱን ነው የለበሰው፤ ወንበሩ ሥር እጁን ሰዶ ብሎኗን ይነካካል። ሥራ አስኪያጁ ስለ እኔ ተናገሩ፣ «ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ» አሉ፣ ተጨበጨበ። በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አስታቀፉኝና ድምጽ ማጉያውን ሰጡኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ልወርድ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ያ ሰውዬ ከሩቅ ሆኖ ከሁሉም ሰው በላይ ያጨበጭብልኛል። እነዚያን እጆች አየኋቸው።

«ጋሽ ብሎን ምንም አላጠፋም» አልኩ። «ውሃው የእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ባዶ ቤት ወርጄ አላውቅም። ደረቅ እያልኩ በውሸት ነው የፈረምኩት። ስታዘነብል ሳያት ከባዱን በሌላው ጎን እየጫንኩ ደበቅኳት። ሚዛን ያላችሁኝ በዚያ ነው።»

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አጨበጨቡ! አንዱ ከመሃል ተነስቶ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ትኬት ቆራጯ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን ይዘው «ለባልደረባህ ብለህ ራስህን ልትሰጥ መፈለግህ ያስከብርሃል፣ ግን መዝገብ መዝገብ ነው» አሉኝ። «አልዋሸሁም!» አልኩ፤ ባልኩ ቁጥር የባሰ ያጨበጭባሉ። ራሱ ጋሽ ብሎን ከኋላ ተነስቶ «ተው እንጂ ወንድሜ! ስለ እኔ ብለህ አትዋሽ፤ እኔው ነኝ የረሳሁት!» አለ። እኔው ነኝ የረሳሁት።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ለማብረድ «በል ስጦታህን ክፈትና እንይልህ» አሉ። ወረቀቱን ቀደድኩ። በፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ ነው፤ አሮጊቷ፣ ከዳርቻው በኩል ፊት ለፊት ፎቶ ተነስታ፣ ምላሷ ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል። የመኪናው ወለል እስከ ውስጥ ይታያል። በደረጃው ጎን ሦስት ሲሚንቶ የጫኑ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ቆመዋል። በጭስ ማውጫው ጎን አምስት ትንንሽ መኪኖችና አንድ ሞተር ብስክሌት። ውሃው ልክ ላይ ያለው ቀይ የቀለም መስመሯ ግን በሁለቱም ጎን እኩል፣ በክር የተለካ ነው የሚመስለው። እኔም መሃል ላይ እጄን አንስቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ወይ ጉዴ! ለክብሬ ብለው የሰጡኝ ነገር!

ፎቶውን ይዤ በቀጥታ ወደ መሐንዲሷ ሄድኩና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። «ቁጠሪያቸው» አልኳት። «ከባዱ ሁሉ በአንድ ጎን ነው። መርከቧ ግን ቀጥ ብላለች። በሌላው ጎን ምን ነበር የያዛት?»

ጎንበስ ብላ አየች። በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። አዳራሹ ገና ያጉረመርማል። ቀና ብላ «ይህ መቼ ነው የተነሳው?» አለች። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ደስ ብሎት «ስድስት ዓመት አልፎታል፣ አዲስ ቀለም የተቀባች ጊዜ እኮ ነው!» አለ። መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን ዘጋች። ከዚያ ፎቶውን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረችው፤ እሳቸውም አዩ፤ ካፒቴኑም መነጽራቸውን አውጥተው አዩ። ካፒቴኑ ናቸው መጀመሪያ ወደ እኔ የዞሩት። ሠላሳ ዓመት ሲስቁልኝ የኖሩ ሰው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጆች ነበሩ እኮ ላይ» አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ማጨብጨቡ ቆመ።

ጋሽ ብሎን ከኋላ ወንበሮቹን እየገፋ መጣ። ወደ እኔ አላየም። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየና መሐንዲሷን «እንግዲያው… አጥብቄው ነበር ማለት ነው?» አላት። «ውሃው ከእርስዎ ጥገና በፊት ከስድስት ዓመት በላይ እዚያ ነበር» አለችው። «እሱን እኮ አይደለም የምጠይቅሽ፣ ልጄ» አለ፣ ሁለት እጆቹን ከፊቷ ዘርግቶ፤ «እጄ ደህና ነው ወይ?» መሐንዲሷ ያን ሁሉ ቁጥብነቷን ትታ እጆቹን በሁለት እጆቿ ያዘቻቸው። «ደህና ነው፣ አባባ» አለችው። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ባለቤቱ መጥታ ጭንቅላቱን አቀፈች፤ በራሱ ላይ አሻግራ ወደ እኔ ያየችውን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

እኔ ከሥራ ተባረርኩ፤ ሲያንሰኝ ነው። እሱ አዲሷ መርከብ ላይ ገባ። ፎቶውን ባለቤቴ ልትሰቅለው ስትል ቀምቻት ከቁም ሣጥኑ ኋላ ወተፍኩት። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ያ ሱሪ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ያን ሁሉ ዓመት አልመለስኩትም ነበር። ብመልሰው ያን ቀን ማስታወስ ይሆንብኛላ።

ከአሥር ወር በኋላ ሱሪውን አሳጥቤ፣ አስተኩሼ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጬ አዲሷ መርከብ ላይ ወጣሁ። እሷ ላይ ማንም ባዶ ቤት አይወርድም፤ ውሃ ከገባ መሪ ቤት ቀይ መብራት ይበራል ይላሉ። ከሞተር ክፍሉ በር አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት። ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ሲያየኝ ቆመ። ሰላም አላለኝም። ሱሪውን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ፣ ጉልበቱ ላይ ያለችውን የዘይት ነጥብ በአውራ ጣቱ ፈተገ፤ አልለቀቀችም።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ወደ ውሃው አየ። «ልውረድልህ ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ። አልተቆጣም፤ ድምጹ ያኔ ያን ሰኞ ጠዋት የነበረው ድምጽ ነው። «አንድ ቃል ብትለኝ፣ በየወሩ እወርድልህ ነበር። ለማንም አልናገርም ነበር።»

አውቃለሁ፣ ልለው ፈለግኩ። ከላይ ደወሉ ተደወለ። ሱሪውን በብብቱ ይዞ ወደ ሞተሩ ወረደ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።